ሆድ ሳይገፋ፦ ከቦሬ እስከ ነገሌ ስለ እርግዝና የመጀመሪያ ወራት የሚባለውና እውነቱ

ቦሬ ላይ ጠዋት ጉሙ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ሳይገፈፍ ከምድጃ ዳር የሚርቅ ሰው የለም። በእንዲህ ያለ ጠዋት አንዲት ወጣት ሚስት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች እንበል። ነገሌ እህቷ ዘንድ አሥር ቀን ሰንብታ ከተመለሰች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። የመጨረሻ የወር አበባዋን ካየች ሰባት ሳምንት አልፏል፤ ይህን ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም። አማቷ ግንባሯን ዳሰስ ያደርጉና «ምች ነው ልጄ፤ ትናንት ወጥ ስትሠሪ ቆይተሽ በዚያው ፀሐይ ላይ ወጣሽ» ይሏታል። ዳማከሴ ከጓሮ ይቀነጠሳል። በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂውን ከቡና ጋር ትጠጣለች፤ የቀረው ግንባሯንና ክንዷን ይቀባል። ላብ ያጠምቃታል፤ ትኩሳቱም ይበርድላታል። «ይኸው ለቀቀሽ» ትባላለች። ከሁለት ቀን በኋላ ማንቀጥቀጡ ይመለሳል።

በዚያ ቤት ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ዳማከሴውም የተቆረጠው በፍቅር ነው። ጥፋቱ ትኩሳቱ ሳይመረመር ስም መውጣቱ ነው። በአማርኛ ምች፣ በኦሮምኛ ሚቺ የሚባለውን ከቦሬ እስከ ነገሌ የማያውቀው የለም፤ ነገር ግን ስሙ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። በዚያ ስም ሥር ጉንፋኑም፣ ወባውም፣ የኩላሊት ኢንፌክሽኑም፣ ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስልም ተሰብስበው ይኖራሉ። ጉንፋን ከሆነ በራሱ ይለቃል፤ ዳማከሴው ምስጋናውን ይወስዳል። ወባ ከሆነ ግን የጠፋው ሁለት ቀን ለነፍሰ ጡር ሴት ብዙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከጉጂ ደጋ ከቦሬ ተነስቼ ክብረ መንግሥትንና ዋደራን አልፌ ነገሌ እስከሚያወርደው መንገድ ድረስ ስለ እርግዝና መጀመሪያ የሚነገረውን አነሳለሁ። አብዛኛው በመላው አገሪቱ ይነገራል። የዚህ መንገድ ልዩነት ደጋና ቆላ፣ ገበሬና ከብት አርቢ፣ ብርድና ወባ በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ውስጥ መገናኘታቸው ነው።

«ሆድ ሳይገፋ አይወራም»

ከዚህ እጀምራለሁ፤ ሌላው ስህተት ሁሉ የሚያድገው በዚህ ጥላ ሥር ነውና። እርግዝና በመጀመሪያዎቹ ወራት አይነገርም። ዓይን ይበላዋል ይባላል፤ ቡዳ ይፈራል። ከዚያም በላይ ሌላ ምክንያት አለ፤ ነገ ቢጨናገፍ መንደሩ ሁሉ እንዳይሰማ። ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ፅንስ የጠፋባት ሴት በየደጁ «ምን ሆነ?» እየተባለች መጠየቋ ምን ያህል እንደሚጎዳ የደረሰባት ታውቀዋለች።

ግን የሚደበቁት ሦስት ወራት የፅንሱ አካል የሚሠራባቸው ናቸው። አንድ ስሌት እንይ። የጤና ባለሙያ የእርግዝናን ሳምንት የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ቢዘገይባት የስድስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ናት ማለት ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ደግሞ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል፤ በዚያው አቆጣጠር ስድስተኛው ሳምንት ላይ። እሷ «መቼም የዘገየው በድካም ይሆናል» እያለች ሳለ ያ ሥራ ተጠናቋል። ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ፣ አንዳንዴም የራስ ቅል ሳይኖረው ይወለዳል። ኢትዮጵያ ይህ ችግር በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። ብዙውን መከላከል የሚችለው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ የሚሻለውም ከማርገዝ በፊት ተጀምሮ ነው።

መንግሥት የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የቦሬ ሰው ቆጮው ከጓሮው፣ ገብሱ ከማሳው ነው። የፋብሪካ ዱቄት ያልገባበት ቤት ማበልጸጉም አይደርሰውም። ለዚህ ነው ኪኒኑ ለእነዚህ ሴቶች የበለጠ አስፈላጊ የሚሆነው። ልትወልድ ያሰበች ሴት ሳታረግዝ ጤና ጣቢያ ሄዳ «ለማርገዝ እያሰብኩ ነው» ብትል የሚያስገርም ነገር የለውም፤ መለመድ ያለበት ነገር ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ልጅ የወለደች ደግሞ የሚያስፈልጋት መጠን ከፍ ያለ ስለሆነ ይህንኑ ለባለሙያው መንገር አለባት።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28ቱ ብቻ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት ሴቶች ጤና ተቋም የማያውቁ አይደሉም። ያውቁታል፤ የሄዱት ግን ሆዳቸው ከታየ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያም ከእሱ ቀጥላ፣ የክትትሉን ጊዜ ከአራት ወደ ስምንት አሳድገዋል፤ የመጀመሪያው ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ነው።

ምስጢሩ ይጠበቅ። ለጎረቤት አይነገር፣ ለዕድር አይነገር፣ ቡና ላይ አይነሳ። ለአንድ ሰው ግን ይነገር፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለአዋላጅ ነርሷ። እነሱ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ቡዳ የሚፈራ ቤተሰብም እምነቱን ሳይተው ይህን ማድረግ ይችላል።

«ቦሬ ወባ የለም»

ግማሹ እውነት ነው። ቦሬ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በአገራችን የወባ አካባቢ የሚባለው በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ነው። ነገሌ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰው ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለከብት ንግድ፣ ወርቅ ፍለጋ ወደ ሻኪሶ ይወርዳል። የወባዋ ትንኝ ቦሬ ድረስ ባትወጣም ተሕዋሲው በሰው ደም ውስጥ ሆኖ በአውቶቡስ ይወጣል። ከተነደፉበት ቀን ጀምሮ ትኩሳቱ እስኪጀምር አንድ ሳምንትም አንድ ወርም ሊፈጅ ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሳል። ስለዚህ ለትኩሳት ቀዳሚው ጥያቄ «የት ነሽ?» ሳይሆን «የት ነበርሽ?» ነው።

ደገኛ በመሆን የሚመጣ አደጋም አለ። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ በወባ በመያዙ ሰውነቱ የተወሰነ መከላከያ ያበጃል። ከቦሬ የወረደች ሴት ይህ የላትም፤ ስትያዝ ይከፋባታል። እርግዝናው ራሱ ደግሞ መከላከያዋን ያሳንሰዋል። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ዓይነት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸጋል፤ እናትየዋን ደም ያሳንሳታል፣ የፅንሱን ምግብና አየር ይሻማል፣ ያጨናግፋል፣ ወይም ልጁ ቀጭጮ እንዲወለድ ያደርጋል። ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት «ገና ጅምር ላይ ላለች ነፍሰ ጡር የወባ መድኃኒት አይሰጥም» የሚለው ነው። ይህም ከባዶ የመጣ አይደለም። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ለብዙ ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም ነበር፤ በምትኩ ጆሮ የሚያስጮኸው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለሰባት ቀን የሚዋጠው ኪኒን ይታዘዝ ነበር። ብዙ ሴቶች ምሬቱን መቋቋም አቅቷቸው በሦስተኛው ቀን ይተዉት ነበር። የዓመታት መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ላልተወሳሰበ ፋልሲፓረም ወባ ኮአርተም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ተመራጭ እንዲሆን ወሰነ። ሦስት ቀን፣ ስድስት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። ለነፍሰ ጡር የማይሰጠው የወባ መድኃኒት ፕሪማኪን ነው፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ቫይቫክስ የሚያጠፋው እሱ ስለሆነ ከወሊድ በኋላ ይታሰብበታል። ፅንሱን የሚጎዳው ያልታከመው ወባ እንጂ በትክክል የታዘዘው መድኃኒት አይደለም።

ስለ አጎበርም «መድኃኒቱ ፅንሱን ያፍነዋል» ይባላል። አያፍነውም። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ቅድሚያ የሚሰጠው ታስቦበት ነው። በቆላ ከተሞች ላሉት ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ልጨምር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ታይታለች፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍታለች። ይህቺ ረግረግ አትፈልግም፤ ክፍት በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ሁሉም ቤት በርሜል አለው። ክዳን ይኑረው።

«ጥሬ ወተት ያጠነክራል»

በጉጂና በቦረና ወተት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ክብር ነው። እንግዳ የሚቀበሉት በወተት ነው፤ ልጅ ሲወለድ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ወተት አለ። የወተት ዕቃው በተመረጠ እንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። የቦረና እናቶች የሚያዘጋጁት እቲቱ የሚባለው የረጋ ወተት ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህ ሁሉ ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር የተሠራ ጥበብ ነው። ነገር ግን ጭሱም መርጋቱም ብሩሴላን ለማጥፋት አስተማማኝ አይደሉም። ብሩሴላ ላሟን፣ ፍየሏን፣ ግመሏን የሚያስወርድ ባክቴሪያ ነው፤ ወደ ሰው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ ጥሬ ወተት ነው። ሌላው ካስወረደች ከብት የወጣውን ጥጃና እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ መንካት ነው።

ጥጆችና ግልገሎች የሚጠበቁት በሴቶች እጅ ነው። ሌሊት ፍየል ምጥ አስቸገራት ሲባል የምትነሳው ሚስት ናት፤ እጇን አስገብታ የምትጎትተውም እሷ ናት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይውሰደው። የሚወስደውም ሰው ጓንት ከሌለው ቀዳዳ የሌለው ፌስታል እጁ ላይ ይሰር፤ የወጣውን ይቅበር ወይም ያቃጥል፤ በሳሙና ይታጠብ።

የብሩሴሎሲስ ትኩሳት ይመጣል ይሄዳል፤ ማታ ላብ ያላብሳል፣ መገጣጠሚያና ወገብ ይቆረጥማል። ቆላ ላይ ወባ ይባላል፣ ደጋ ላይ ብርድ፣ ክሊኒክ ሲኬድ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ»። በነፍሰ ጡር ላይ ፅንስ ሊያጨናግፍ ይችላል። የተለመደው መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ስለሆነ ለነፍሰ ጡር ሌላ መመረጥ አለበት፤ ይህ የሐኪም ውሳኔ እንጂ የመድኃኒት ቤት ምክር አይደለም። መከላከያው ግን ከምድጃው አይርቅም፦ ወተቱ እስኪገነፍል ይፈላ። «ሲፈላ ጉልበቱ ያልቃል» የሚሉ አሉ። ካልሲየሙም፣ ፕሮቲኑም፣ ቅባቱም እዚያው አለ። ሞቅ ማድረግ ግን ማፍላት አይደለም።

ጥሬ ሥጋም እንዲሁ ነው። ቁርጥና ለብለብ ክትፎ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተሕዋሲ ሊያመጡ ይችላሉ፤ የድመት ኩስ የነካው አፈርና ያልታጠበ አትክልትም ያመጡታል። በእርግዝና መጀመሪያ ወደ ፅንሱ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ካለፈ ግን የሚያደርሰው ጉዳት የከፋ ነው። ዘጠኝ ወር ጥብስ መብላት ማንንም አይጎዳም።

ከወተት ሳልወጣ አንድ ተቃራኒ እምነት ላንሳ። ነፍሰ ጡር ወተት፣ እርጎ፣ ነጭ ነገር ከበላች «ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል» ይባላል። ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ግን እናትየው የበላችው ሳይሆን ፅንሱ ራሱ የሚያመነጨው የቆዳው መከላከያ ነው። ጥሬው «ያጠነክራል» ተብሎ እየተሰጣት የፈላውን «ይለጠፋል» ተብላ የምትከለከል ሴት ሁለት ጊዜ ትጎዳለች።

«ብርድ ነው»

ቦሬ ላይ ለማንኛውም ሕመም ዝግጁ ምክንያት አለ፤ ብርድ። ሽንት ሲያቃጥል ብርድ፣ ወገብ ሲቆርጥ ብርድ፣ ጎን ሲወጋ ብርድ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው ይባላል፤ ትኩስ ነገር ጠጪ ትባላለች።

ብርድ ባክቴሪያ አይወልድም። በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱት ቱቦዎች ይላላሉ፣ ሽንቱም ይዘገያል፣ ባክቴሪያው ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ከመቶ ነፍሰ ጡሮች ከሁለት እስከ አሥር የሚሆኑት ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተሸክመው ምንም አይሰማቸውም። ሳይታከሙ ከቀሩት እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ይደርሳል፤ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የጎን ውጋት ይከተላል፣ ያለጊዜ ምጥም ሊያመጣ ይችላል። በመጀመሪያው ክትትል ትንሽ ጠርሙስ ተሰጥቷት «ሽንት አምጪ» የምትባለው ለዚህ ነው። «እኔ ምንም አላመመኝም» ብላ ያንን ጠርሙስ ባዶ የምትመልስ ሴት ከሁሉ በላይ የምትጠቀመው እሷ ልትሆን ትችላለች።

መድኃኒት ቤት መግባትን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። በየከተማው ትኩሳት ያለበት ሰው በአንዲት የደም ጠብታ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ ሲፕሮ ይዞ ይወጣል። ያ የተለመደ የታይፎይድ ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ አያስተማምንም፤ ከዓመታት በፊት የተያዘ ሰውም፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትም «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ለነፍሰ ጡር የማይመረጡ ናቸው። ሻጩ በዓይኑ አይቶ እርግዝናን አያውቅም፤ ሆዱ አልገፋም። ስለዚህ ኪኒኑ ሳይቆጠር በፊት «ወር አበባዬ ቀርቷል» የሚል ቃል ከአፍ ይውጣ። ለማለት ያፈረች ወረቀት ላይ ጽፋ ታሳይ። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በትክክለኛ መጠኑ ይሻላል፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። ትኩሳቱን ማብረድ ራሱ ዋጋ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚከርም ከፍተኛ ትኩሳት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ስለ ባህላዊው መድኃኒት በጅምላ «ጎጂ ነው» አልልም፤ አያቶቻችን ራሳቸው ነፍሰ ጡርን ከኮሶ ያርቁ ነበር፤ ትክክል ነበሩ። የኮሶ ዛፍ በዚህ ደጋ አለ፤ አበባው ትሉን የሚያስወጣው በኃይል ነው፣ እርግዝናንም ያናጋል። ትሉ ራሱ ለፅንሱ አጣዳፊ ስላልሆነ መታገስ ይችላል። የአንጀት ትል ኪኒንም ቢሆን የሚሰጠው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ጤና አዳም ቡና ላይ ለሽታ ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ቀቅሎ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው፣ ማህፀንን ያነሳሳል።

«ሾተላይ አለባት»

የመጀመሪያ ልጇ በሰላም ተወልዶ ሁለተኛው የሞተባት፣ ሦስተኛው በሆዷ ሳለ የጠፋባት ሴት ሾተላይ ትባላለች። ስሙ የበሽታ ብቻ አይደለም፤ የሴቲቱም ስም ይሆናል። ባል ሌላ ያገባል፤ ጎረቤት ልጁን ከእሷ ያርቃል። ሰዎች ያዩት ነገር እውነት ነው፦ አንዳንድ ሴቶች ላይ ልጅ በተከታታይ ይሞታል። ጥፋቱ ያለው ምክንያቱ ላይ ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱ የደም ዓይነት ነው። እናትየው አርኤች ኔጋቲቭ ሆና ባሏ ፖዘቲቭ ከሆነ ፅንሱ የአባቱን ሊይዝ ይችላል። በመጀመሪያው ወሊድ ወይም ውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ከእሷ ጋር ሲነካካ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ የሚተርፈው ለዚህ ነው፤ የሚጠቁት ተከታዮቹ ናቸው። ተረቱ የያዘው ቅደም ተከተል ትክክል ነበር። አብዛኛዋ ኢትዮጵያዊት ፖዘቲቭ ስለሆነች ይህ የጥቂቶች ችግር ነው፤ ለእነዚያ ጥቂቶች ግን አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወጋል። ውድ ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱም አይገኝም፤ ስለዚህ የደም ዓይነቷን በስምንተኛው ሳምንት ያወቀች ሴት ሰባት ወር የመዘጋጃ ጊዜ አላት። በምጥ ሰዓት ያወቀች ሦስት ቀን ብቻ።

ሌላው ምክንያት ቂጥኝ ነው። እናትየው ቁስሉን ሳታየው ሊያልፍ ይችላል፤ ፅንሱን ግን ይገድላል ወይም ታሞ እንዲወለድ ያደርጋል። በመጀመሪያው ቀን በጣት ደም ይታወቃል፤ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ባል አብሮ ካልታከመ ግን መልሶ ያስይዛታል። በዚያው ቀን ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ይመረመራሉ። «ባለቤቴ ተመርምሮ ነፃ ነው፤ እኔም ነፃ ነኝ» የሚለው አይሠራም፤ የአንዱ ውጤት የሌላው አይደለም። ኤች አይ ቪ ያለባት እናት ካልታከመች ለልጇ የማስተላለፏ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደች ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ቀድማ በጀመረች ቁጥር ይበልጥ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ብቻ ለጠፋባት ሴት ደግሞ የምለው አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨናገፉት ግማሽ ያህሉ ገና ሲፀነስ በክሮሞሶም ስህተት የጀመሩ ናቸው። እንስራ ስላነሳች አይደለም፤ ስለደነገጠች አይደለም፤ ያማራትን ስላልበላች አይደለም። ይህን የሚነግራት ሰው ስለሌለ ስንቷ ራሷን ስትከስ ትኖራለች።

ሕዝብ የሚጠረጥረው ሁሉ ተረት ነው ማለትም አይደለም። ሻኪሶ አጠገብ በለገደንቢ የወርቅ ማምረቻ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች የፅንስ መጨናገፍና አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች መወለድ በዝቶብናል፣ ከማምረቻው በሚወጣው ኬሚካል ነው ብለው ዓመታት ጮኸዋል። በተቃውሞው ምክንያት መንግሥት በግንቦት 2010 ዓ.ም. የማምረቻውን ፈቃድ አገደ፤ ፈቃዱ ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። በእጁ ወርቅ የሚያወጣ ቤተሰብም ሜርኩሪ የሚጠቀም ከሆነ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ሲሞቅ የሚወጣው ትነት ሽታ የለውም፣ ወደ ፅንሱም ያልፋል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት፣ እንጀራ በሚጋገርበት ምድጃ አይሞቅም።

ክኒኑና ቡናው

አይረን የተባለው የብረት ክኒን «ልጁን ያገዝፋል፣ ምጥ ያከብዳል» ተብሎ ከፍራሽ ሥር ይደበቃል። አያገዝፍም። እናትየው ስትወልድ ደም ብትፈስ የምትቋቋምበትን አቅም ይሰጣታል። ዓይነ ምድር ያጠቁራል፤ ያ ጉዳት አይደለም። ካቅለሸለሻት ማታ ከእራት ጋር ትዋጠው። ጉዳቱ ያለው ቡናው ላይ ነው፦ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ጉጂ ደግሞ የቡና አገር ነው፤ ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ ቡና ቀላ ሆኖ ይበላል፣ ቡና ያልተጠጣበት ጠዋት የለም። አትጠጪ አልልም። ክኒኑንና ቡናውን ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ፣ ከአቦልና ከቶናም በኋላ በረካውን ለሌላ መተው ይበቃል።

የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባትም «ያመክናል» ይባላል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን አስወግዳለች ተብሎ የተረጋገጠላት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ለዚያ ያደረሷት ክትባቱን የወሰዱ እናቶች ናቸው፤ ደግመውም ደጋግመውም ወልደዋል።

«ደም ትንሽ ቢታይ ይታሻል»

አይታሽም። ሆድ ማሸት የሚያቆመው ደም የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትንሽ ደም ማየት ሁልጊዜ ፅንሱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ይቀጥላሉ። ግን ደም ከመታየቱ ጋር በአንድ ጎን በኩል የሚወጋ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም መውደቅ ካለ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ቱቦውን አፍርሶት ሊሆን ይችላል። ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ስለሆነ ውጭ የሚታየው ጥቂት ነው፤ ይህም ያታልላል። ከውርጃ በኋላ የሚመጣ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽም እንዲሁ ነገ የሚባል አይደለም። ውሃ እንኳ የማያስቀምጥ ማስመለስም ሐኪም ይፈልጋል።

ቦሬም ነገሌም ሆስፒታል አላቸው። ከመንደር እስከ አስፋልቱ ያለው ግን በቃሬዛ ነው። ቱቦው ለፈረሰባት ሴት የሚቆጠረው በሰዓት ነው፣ በቀን አይደለም። ስለዚህ ገና ወር አበባው እንደቀረ ባልና ሚስት ተቀምጠው የሚነጋገሩት አንድ ጉዳይ አለ፦ እሱ ለገበያ ወይም ለከብት ወርዶ ሳለ ይህ ቢመጣ፣ ቃሬዛውን የሚያነሱት እነማን ናቸው፣ ገንዘቡ የት ነው፣ «ትሂድ» የሚለውስ ማነው። አማቷ ይሁኑ፣ ጎረቤት ይሁን፣ እሷ ራሷ ትሁን፣ ያ ሰው ዛሬ ይታወቅ፤ ባል እስኪመለስ መጠበቅ የለም።